የተረፈው ሽቦ

ባለፈው ሐሙስ፣ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ፣ የምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ኮሪደር ላይ ተቃጠለ። እሳት አልነበረውም፤ ጭሱም ያን ያህል አይደለም። ሽታው ግን መጣ። የጋለ መዳብና የቀለጠ ቫርኒሽ ሽታ፣ ትንሽ ጣፈጥ ብሎ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሮጣ መስኮት ከፈተች። እኔ የአንዲት ባልቴት የመድኃኒት ኩባያ በቀኝ እጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ግራ እጄን ሳየው አውራ ጣቴ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየዳሰሰ ይቆጥራል። ማንም አላዘዘውም። ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ጣቶቼ ግን አልረሱም።

ሰው ሲሰማ ይስቃል እንጂ፣ አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ ሞተር መጠቅለል ነበር። የወፍጮ ሞተር እንዳይመስላችሁ። ከአንድ ሎሚ የማይበልጥ፣ በሪሞት ለሚነዱ ትንንሽ መኪኖች የሚሆን ሞተር ነው። ቤድፎርድ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የጥፍር ማስዋቢያ ቤትና በአንድ የልብስ እጥበት ቤት መካከል፣ ሚስተር ዌንደል የሚባሉ ሽማግሌ ሱቅ ነበራቸው። ከሱቁ ጀርባ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሰፊ አዳራሽ አለ፤ ምንጣፉ ላይ የተጠማዘዘ መንገድ ተሰምሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጢማም ሰዎች፣ ቤትና ትዳር ያላቸው ሰዎች፣ ሪሞት ጨብጠው ይሰለፉና ጫማ የሚያህሉ መኪኖች ያሽቀዳድማሉ። መጀመሪያ ቀን ሳይ አማተብኩ።

እዚያ ያስገቡኝ ጋሽ አስፋው ናቸው። አገር ቤት ዲናሞ ይጠቀልሉ የነበሩ፣ እዚህ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ልጃቸውን ሊዲያን ይዘው የሚወዳደሩ ብቸኛው ሐበሻ። ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚወጡት። ሬይ የሚባል ወፍራም ቧንቧ ሠሪ "አስፋው፣ ዛሬም ታክሲህን መሰለህ እንዴ? ተሳፋሪ አትጠብቅ!" እያለ ያሾፍባቸዋል። "ስንተኛ ወጡ፣ ጋሼ?" ስላቸው፣ "አንደኛ ነበርኩ፤ የቀደሙኝ ሰዎች ናቸው ያበላሹት" ይሉኛል።

የሚስተር ዌንደል እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ጋሽ አስፋው እኔን ወስደው ፊታቸው አቆሙኝ። "ይቺ ልጅ ጥልፍ ታውቃለች" አሏቸው። ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ "አትፍሪ፣ ሽቦም ክር ነው። ቃሌን ሰጥቼልሻለሁ፣ እንዳታሳፍሪኝ" አሉኝ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እንጂ፣ ሚስተር ዌንደልንም በልቤ አንቱ እንዳልኩ ነው የኖርኩት። ቀስ ብለው፣ ሳይቆጡ አስተማሩኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት ሦስት ክንድ አለው። ብረቱን በትንሽ ሞርሳ ታስሪውና በእያንዳንዱ ክንድ ላይ በልክ የተቆረጠ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሃያ ሰባት ዙር ትጠቀልያለሽ፤ ከዚያ ቫርኒሽ ትቀቢውና እስኪደርቅ ትጠብቂያለሽ። ዙሩ ሲያንስ ሞተሩ ይፈጥናል፤ ስለዚህ በውድድሩ ሁሉም እኩል ሃያ ሰባት መሆን አለበት። ሚስተር ዌንደል ነጋ ጠባ የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስቆጥር ስለሚምታታብኝ የራሴን ቁጥር አበጀሁ። ቀኝ እጄ ሲጠቀልል፣ በግራ እጄ አንጓ እየቆጠርኩ አሥራ ሁለት ጊዜ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እላለሁ፤ እንደገና አሥራ ሁለት። ሃያ አራት ሆነ። የቀሩትን ሦስት ዙሮች በስመ አብ፣ ወወልድ፣ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ እዘጋለሁ። መጨረሻ ላይ ሽቦው እንዳይላቀቅ ከጥልፍ የተማርኳትን ትንሽ ቋጠሮ አስርበታለሁ። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ስለሌለበት ነው ያልተሳሳትኩት። አፌ ይጸልያል፤ ሐሳቤ ከሥራ በኋላ ስለምበላው ምስር ነው።

ዐቢይ ጾም ነበር። መጋቢት እዚህ የነፋስ ወር ነው፤ ሰማዩ ጠዋት ሰማያዊ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ በለዘ ገላ ይጠቁራል። ሚስተር ዌንደል ለዓመቱ ትልቅ ውድድር አሥራ ስድስት ሞተር አዘዙኝ። ተወዳዳሪው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ከአንድ ሣጥን ሞተሩን ያነሣል፤ ሞተሩ ውስጥ የሚፋተገውን ካርቦን ለማለማመድ ለአንድ ሳምንት ቤቱ ይወስደዋል። ያሸነፈው ሰው ሞተር ጠረጴዛ ላይ ተፈትቶ ዙሩ ይቆጠራል። ሕጉ ይህ ነው።

የመጨረሻውን ሞተር በምጠቀልልበት ጠዋት ወንድሜ ከአገር ቤት ደውሎ፣ እናቴ ሆስፒታል መግባቷንና ሰው አለመለየቷን ነገረኝ። ስልኩን ዘግቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም። ሽቦውን ያዝኩና "እግዚኦ" አልኩ። ያን ቀን ግን እውነቴን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም። እንባዬ ብረቱ ላይ ይወርዳል፣ እጄ ይዞራል፣ ሱቁ ጠፍቶ የማየው የእናቴን ነጠላ ብቻ ነው። ወደ ራሴ ስመለስ ሦስቱም ክንዶች ተጠቅልለዋል፤ ቋጠሮዬም ታስሯል።

የተረፈኝ ሽቦ ግን ረዥም ነበር። ሁልጊዜ ከጣቴ አይበልጥም፤ ያን ቀን ከክንዴ ሊስተካከል ትንሽ ቀረው።

አየሁት። ይህን መሸፋፈን አልችልም፤ አየሁት። ምናልባት መጀመሪያውኑ ሲቆረጥ ረዝሞ ይሆናል አልኩ። ልፍታው ብል ሚስተር ዌንደል "ሞተሮቹስ?" እያሉ ከበር ሆነው ይጣራሉ። ሽቦውን ጠቅልዬ ሽርጥ ኪሴ ከተትኩ፤ ሞተሩን ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ።

ሞተሩ ለጋሽ አስፋው ደረሰ።

በውድድሩ ቀን መኪናቸው ስትነሣ ከድምፁ አወቅሁ። የሌሎቹ ያጉረመርማሉ፤ የእሳቸው ያፏጫል። ጋሽ አስፋው በደስታ ልጅ ሆኑ። "ትርሲት! አየሻት? አየሻት ይቺን ባቄላ!" እያሉ ትንሿን መኪናቸውን እየጠቆሙ ይጮኻሉ፤ የዘጠኝ ዓመቷ ሊዲያ ወንበር ላይ ቆማ ትዘላለች። አንደኛ ወጡ። ሬይ እንኳ አጨበጨበላቸው።

ሚስተር ዌንደል ሞተሩን ፈትተው በመርፌ ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። መነጽራቸውን አወለቁ። "ሃያ አራት ነው" አሉ።

ከዚያ ሬይ፣ "ሰውዬው እኮ አገሩ ሥራው ይኸው ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ነበር ሞተሩ" አለ። አሁን አላሾፈም፤ ለዚህ ነው የከፋው።

ጋሽ አስፋው ብረቱን አነሡና ወደ መብራቱ አስጠጉት። ሳትነካ የቆየች ቋጠሮዬን ሲያዩ አየኋቸው። ቀና ብለው እኔን ተመለከቱ። ሚስተር ዌንደል "እስቲ ልየው" ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ጋሽ አስፋው አውራ ጣታቸውን ቋጠሮዋ ላይ አደረጉ። በጥፍራቸው በጠሷት።

"እንደተሰጠኝ ነው። አልነካሁትም" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

የምለውን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ ነበር። አራት ቃል ብቻ ነው። ሽቦው ኪሴ ውስጥ ነው፤ አውጥቶ ማሳየት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ግን ሁለታችንም ሐበሾች ነን፤ ተመካክረው ነው ይሉናል፤ ለእሳቸውም አይበጅም፤ እያልኩ ለራሴ ሰበብ ስደረድር ሚስተር ዌንደል ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት የተወዳዳሪዎች ፎቶዎች መካከል የጋሽ አስፋውን ነቅለው ሰጧቸው። "ከእንግዲህ አትምጣ" አሏቸው።

ወደ ቤት የሚያደርሱኝ እሳቸው ነበሩ። ሀይዌይ ላይ ሳለን በረዶ መውረድ ጀመረ፤ እዚህ በረዶው መስታወት ይሰብራል። እንደ ሌላው ሰው ድልድይ ሥር ፓርክ አደረጉ። ሊዲያ ከኋላ ትንሰቀሰቃለች። የመኪናው መጥረጊያ ወዲያ ወዲህ ይላል። አሁን እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ይህ መኪና ሲያልፍ፣ ያኛው ሲያልፍ።

"እናትሽ እንዴት ናቸው?" አሉኝ።

"ትንሽ ተሽሏታል፣ ጋሼ።"

"ተመስገን" አሉ። በረዶው አባራ፤ ሄድን።

እናቴ ዳነች። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች። ጸሎቴ ተሰምቷል ማለት ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ሥራውን ተውኩ። ጋሽ አስፋው ሌላ ውድድር ፍለጋ አልሄዱም፤ ሪሞት በእጃቸው ሲይዙ ያየ ሰው የለም። ሐበሻው ዘንድ ወሬው በታክሲ ሾፌሮቹ በኩል ደረሰ፤ በየለቅሶ ቤቱ "ጋሽ አስፋው ካርታ ከያዙ ጠንቀቅ ነው!" እየተባለ ይሳቃል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እኔ ሳህን ሰብስቤ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

የምንሄደው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቅዳሴ ሲያልቅ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ክራቸውን ሲያስሩ አገኛቸዋለሁ። ቀስ ብለው ነው የሚያስሩት፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ እሳቸው እዚያው ናቸው። ወገባቸውን የሚያማቸው ይመስለኝ ነበር። "እንደምን ሰነበቱ፣ ጋሼ" እላለሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትርሲትዬ" ብለው ቀና ይሉና ያዩኛል። ጫማዬን አጥልቄ እወጣለሁ። ለንስሐ አባቴ አንድ ጊዜ ተናገርኩ። "ለእኔ ነገርሽኝ፤ ለሰውየውስ? ሂጂና ንገሪያቸው" አሉኝ። "እሺ አባ" አልኩና ሌላ የንስሐ አባት ያዝኩ።

ጋሽ አስፋው የዛሬ ሁለት ዓመት ዐረፉ።

ባለፈው ሐሙስ ያ ሽታ ከልብሴ አልለቅ ሲለኝ፣ ዴንተን ከተማ ወደምትኖረው ወደ ሊዲያ ደወልኩ። ዛሬ የልጆች እናት ናት።

"ኦ፣ እትዬ! ሰላም ነሽ? ኤቭሪቲንግ ኦኬ?" አንቱታ አይሆንላትም፤ ፍቅሯ ግን የአባቷ ነው።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ዙሩን፣ ሽቦውን፣ ቋጠሮዋን።

"አውቃለሁ እኮ" አለችኝ። "ማለቴ፣ ያን ቀን ቤት ስንገባ አባዬ ነግሮኛል። 'እናቷ ታመው ነው፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር' አለኝ።"

"ተቀይመውኝ ነበር?"

"ኖ፣ ኖ። አልተቀየመም። ግን ይጠብቅሽ ነበር።"

"እኔን?"

"ቸርች ሲያልቅ ጫማ ጋ ቁጭ ይል የለ? እኔ 'ዳዲ፣ እንሂድ፣ ራበኝ' እለዋለሁ። 'ቆይ፣ ትርሲት ትውጣ። ዛሬ ትነግረኛለች' ይላል። ሶ፣ እንጠብቃለን። ኤቭሪ ሰንደይ።"

ሃያ ምናምን ዓመት። እያንዳንዱን እሑድ ክሩን እየፈቱ እንደገና ሲያስሩ፣ ጊዜ ሲሰጡኝ። እኔ ደግሞ ወገባቸውን ያማቸዋል እያልኩ ሳዝንላቸው።

ትናንት እሑድ ነበር። ቅዳሴ አልቆ ስወጣ አግዳሚዋ ባዶ ነበረች። ያኔ ኪሴ የከተትኩትን ሽቦ ካኖርኩበት ከጸሎት መጽሐፌ መካከል አወጣሁት፤ እስከ ዛሬ አልዛገም፣ መዳብ አይዝግም። እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ጫፍ ተቀመጥኩና ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ቀስ ብዬ። ሰዉ አንድ በአንድ ሰላም እያለኝ አለፈ። አዳራሹ ጸጥ ሲል፣ ያን ቀን በእንግሊዝኛ ያዘጋጀሁትን በአማርኛ ተናገርኩት።

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

ከዚያ ክሬን ፈታሁና እንደገና ማሰር ጀመርኩ።