የጎማው ልብስ ይለበስ ወይስ ይቅር

እኔ መዋኘት አልችልም። ልጄን መዋኘት ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ብስክሌት መጠገኑንም ሆነ የመስኖ ፓምፕ መፍታቱን ከዚያ በኋላ እያነበብኩና እያበላሸሁ ራሴ ተማርኩት። ዋናንም ስልክ ላይ ቪዲዮ አይቼ፣ ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለ የመስኖ ኩሬ ዳር ቆሜ፣ ወገቧ ላይ ገመድ አስሬ አስተማርኳት። ኩሬው ሸራ የተነጠፈበት ስለሆነ ጠርዙ ያንሸራትታል፤ ገመዱ ለዚያ ነው።

"ክንድሽን ዘርጊ! አንገትሽን አትቅበሪ!" እያልኩ ስጮኽ፣ ከማሽላው ማሳ የሚመለሱ ገበሬዎች ቆመው ያዩን ነበር። አንዱ፣

"ሰውየው፣ ልጅህን ዓሣ ልታደርጋት ነው እንዴ?" አለኝ።

"ዓሣስ ቢያንስ ሥራ ፈትቶ አይቆምም" አልኩት።

ብስክሌቱንም ከአሮጌ ዕቃ ገጣጥሜ ሰጠኋት። ባጃጁና ሚኒባሱ ሳይበዛ በማለዳ ጎብዬ ከተማ ደርሳ ትመለሳለች። በመጨረሻ ወልድያ ያለ አንድ አሰልጣኝ፣ ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ውድድር እንዳለ ነገራት፤ መጀመሪያ አጭር ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ ከዚያ ሩጫ። ፈቀድኩላት፤ ግን በአንድ ሁኔታ።

ሁኔታው የጎማ ልብስ ነበር። ዌትሱት ይሉታል፤ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ወፍራም ጥቁር ልብስ ነው። አሰልጣኙ አንዱን አውሷት፣ "ግዴታ አይደለም። ያሞቃል፣ ያንሳፍፋል፤ ግን ማውለቁ ጊዜ ይበላል። ዋናው አጭር ስለሆነ እሷ ትወስን" አለኝ። እኔ ግን ወሰንኩላት። ሙስሊሞች ነን፤ ሴት ልጅ ሰው በተሰበሰበበት ገላዋን ሸፍና ነው መታየት ያለባት።

"አባዬ፣ ኩሬው ውስጥ የምዋኘው በረጅም እጅጌ ሸሚዝና በሱሪ አይደል? ፀጉሬንም የዋናው ቆብ ይሸፍነዋል" አለችኝ።

"ሸሚዝ ውሃ ውስጥ ይገለባል። ጎማው ግን ይሸፍናል። አለቀ።"

ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብታ ለበሰችው። የቆቦ ሙቀት በዚያ ሰዓት እንኳን ጎማ፣ ነጠላም አያስለብስም። እናቷ ከጀርባዋ ዚፑን ዘጋችላትና ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ ወጣች። ቀና ብዬ አየኋትና ወዲያው አንገቴን ደፋሁ። ልብሱ ከአንገት እስከ እግሯ ሸፍኗታል፤ የደበቀው ነገር ግን አልነበረም። እንደ ቆዳ ተጣብቆባታል። ሰፊው ሸሚዟ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል።

"የመረጥከው መሸፈኛ ይኸውልህ" አለችኝ እናቷ፣ እየሳቀች።

ያን ጊዜ መሸነፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ክርክሬን ቀየርኩ።

"ብርዱስ? ሐይቅ ከተማ እኮ ወይና ደጋ ነው። አንቺ የቆላ ልጅ ነሽ።"

"ትናንት ሰው ያይሻል አሉኝ፤ ዛሬ ደግሞ ይበርድሻል። የትኛው ነው አባዬ? እኛን ቃል አትቀያይሩ ይሉን የለም?"

 ሰው ልጁን ለመገሠጽ ምላሱ ይፈጥናል፤ ፍርሃቱን ለመናገር ግን ይተሳሰራል። በኛ አገር ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ከደጋ የወረደ ጎርፍ ከብት ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የኛው ግን ሳያስቅም ይወስዳል።

"እዚያ ገመድ የለም" አልኳት በመጨረሻ። "ጎማው ያንሳፍፋል አለ አሰልጣኙ። በገመዱ ፋንታ የያዝኩት እሱን ነው።"

አጠገቤ ቁጭ አለች።

"ይህን መጀመሪያ ቢነግሩኝ ምን ነበር?" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ይኸው ይዩ፣ ትከሻዬን ጨምድዶ ይዞኛል። ክንዴን መዘርጋት ካልቻልኩ ቶሎ ነው የምደክመው። በነፍስ አድን ጀልባዎቹ በኩል እዋኛለሁ፤ ከደከመኝ እጄን አነሳለሁ። ወላሂ።"

"በወላሂ አትቀልጂ።"

"አልቀለድኩም።"

እንግዲያው አንቺው ወስኚ አልኳት። ይህን እንደ ደግነት ልጽፈው እችል ነበር፤ ደግነት ግን አልነበረም። በማላውቀው ውሃ ላይ የምፈርድበት ዕውቀት ስላጣሁ ነው።

በማግስቱ ሌሊት ተነስተን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ምናልባት ሐሳቧን ብትቀይር ብዬ ልብሱን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር። እጄን ውሃው ውስጥ ነከርኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። "ይበርዳል" አልኳት። "አየሁት" አለችና በሸሚዝና በሱሪዋ ገባች።

ያላሰብኩት ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ተወዳዳሪዎች ያጠለቁት አንድ ዓይነት ቆብ ነበር። ጥቂት እንደተጓዙ ልጄን ከሌሎቹ መለየት አቃተኝ።

"የእርስዎ ልጅ የትኛው ነው?" አለኝ አጠገቤ የቆመ ሰው።

"አላውቅም" አልኩት። ለአባት ይህን መናገር እንዴት እንደሚከብድ ያን ዕለት አወቅሁ።

ከጀልባው አጠገብ የሚዋኝ አንድ ቆብ መረጥኩና እሷ ናት ብዬ ዓይኔን ተከልኩበት። ሲጠልቅ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ብቅ ሲል ቢስሚላህ እላለሁ። በመካከል ያ ቆብ ቆመ። እጅ ተነሣ። ጀልባው ዞረ።

የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ብቻ ስሟን እየጠራሁ ውሃው ውስጥ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ድረስ።

"አባዬ! ኧረ ጫማዎ!"

ድምፁ የመጣው ከጎኔ ነው። ልጄ ዋናዋን ጨርሳ ከውሃው ወጥታ ሸሚዟን እየጨመቀች ቆማለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ጀልባው ያወጣው የሌላ ሰው ልጅ ነበር፤ እሱም ደህና ነው።

"በረደሽ?" አልኳት።

"በጣም።"

"አላልኩሽም?"

አለማለት አልቻልኩም። እሷም እየተንቀጠቀጠች፣ "ብለዋል፣ ብለዋል" እያለች ወደ ብስክሌቷ ሮጠች። እኔ የዚያን ዕለት ማንም ያልለበሰውን ልብስ አርጥቤ ከሐይቁ ወጣሁ።