የሌሊት ወፍ እንግዳ

ልጅ ሳለሁ ዓርብን የምናፍቀው ትምህርት ስለሌለ ሳይሆን እትዬ ዘነበች ስለሚመጡ ነበር። እትዬ የእናቴ ያገር ልጅ ናቸው፤ ዱባይ፣ ጁሜይራ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ማዳም ቤት ስድስት ቀን ሠርተው በሰባተኛው ዲራ ወዳለችው ጠባብ ቤታችን ይመጣሉ፤ ከዚያ እናቴ፣ እሳቸው፣ እኔና የሦስት ዓመቱ ወንድሜ አቤል ተያይዘን አል ማምዛር መናፈሻ እንሄዳለን። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሥጋ ይጠብሳል። ለእኛ ግን ዓርብ ጾም ነውና፣ የጎረቤቱን የሥጋ ጭስ እያሸተትን የራሳችንን በቆሎ እንግጣለን።

እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ፣ የመናፈሻው መብራት ገና ሳይበራ፣ ከቴምር ዛፎቹ መሐል የሌሊት ወፎች ይወጣሉ። ድምፅ የላቸውም። ነፋስ እንደያዘው የተቃጠለ ወረቀት ከጭሱ በላይ እየተጣጠፉ ያልፋሉ። እትዬ ተረት የሚጀምሩት ያኔ ነው፤ ቀና ብለው ሳያዩ፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፈሪ ነኝ፣ ግን ፍርሃት እወዳለሁ።

አንድ ዓርብ ከማዳም ግቢ ፌስታል ሙሉ ዘይቱን ይዘው መጡ። ጠዋት ሲወጡ በጥድፊያ ከዛፉ ሥር የለቀሙት ስለነበር ከመሐሉ አንድ የተነከሰ አገኘሁ። እናቴ «ወፍ የቀመሰው ዘይቱን ይጣፍጣል፤ ወፍ ሞኝ አይደለም» ትል ነበር። እሷ ባደገችበት አገር ልጆች በወፍ የተቀመሰ ዘይቱን ሲያገኙ ይሻሙበታል። እኔም የተሻለው ለወንድሜ ይሁን ብዬ ያንኑ መረጥኩና ለሁለት ከፍዬ ግማሹን አጎረስኩት። የተነከሰውን ግማሽ ለራሴ በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

ሲመሽ እትዬ ጀመሩ።

«በሽታ ድሮ ቤት አልነበረውም። በሬ ቤት አደረ፤ በሬው ወደቀ። ዶሮ ቤት አደረ፤ ዶሮዋ ክንፏን ዘርግታ ቀረች። ወሬው ሲሰማ ሁሉም በሩን ዘጋ። የሌሊት ወፍ ብቻ፣ ተዘቅዝቃ እንደተንጠለጠለች፣ ‹ግባ፤ ግን ድምፅህ እንዳይሰማ፣ ልጆቼንም እንዳትነካ› አለችው። ገባ። ይኸው እስከ ዛሬ ደረቷ ውስጥ ተኝቷል። እሷን ምንም አያደርጋትም።»

«አይነቃም?» አልኩ።

«ትራፊዋን የበላ ሲገኝ ይነቃል። ጥርሷ ያረፈበትን ፍሬ የቀመሰ። ያኔ ሌላ ቤት አገኘሁ ብሎ ይነሳል።»

ወፍ ጥርስ የላትም። ይህን ሁልጊዜ አውቀው ነበር፣ ግን አስቤው አላውቅም። ሶፍቱን ፈትቼ ዘይቱኑን ወደ ፍሙ አስጠጋሁት፤ በቀዩ ብርሃን የደቃቅ ጥርሶች መስመር ታየኝ። ከዚያ እናቴ ጭን ላይ የተኛውን አቤልን ግንባሩን ነካሁት። ይፋጃል።

ያደረግሁትን ተናገርኩ። እናቴ ልጁን ታቅፋ ተነሳች፣ ጫማዋን እንኳ በቅጡ አላጠለቀችም። እኔ ወንድሜን ገደልኩት ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው» አሉኝ። ዘይቱኑን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ጥርስ ካረፈበት ቦታ ጀምረው ከነፍሬው፣ ከነልጣጩ በሉት።

«ኸላስ፣ አበቃ» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ። «ሁለት ቤት ከተከፈተለት ትልቁን ይመርጣል። አታልቅሺ። ያላ፣ ልጁን ሐኪም ጋ እናድርሰው።»

ሐኪሙ ቶንሲል ነው አለ፤ አቤልም በሦስተኛው ቀን ድኖ ቤቱን ያተራምስ ጀመር። እኔ ግን በቀጣዩ ዓርብ ከበራፍ አልተንቀሳቀስኩም፤ እትዬ የማይመጡ መስሎኝ ነበር። መጡ። ደረታቸውን መታ መታ አድርገው «ተኝቷል» አሉኝ። ጆሮዬን ደረታቸው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ከልባቸው ምት ሥር የሌላ ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ፤ ለብዙ ዓመታትም ያንን ትንፋሽ ሰምቻለሁ ብዬ እምል ነበር።

አሁን ሻርጃ ውስጥ በአንድ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ስለ ሌሊት ወፍ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ጸጉሬ ቆመ፦ ሰው የሚገድሉ ቫይረሶችን ተሸክማ ብዙ ጊዜ ራሷ አትታመምም፤ አንዳንዶቹም ምራቋ ከነካው ፍሬ ወደ ሰው ይሻገራሉ። መጽሐፉ እንግዳ አይላቸውም እንጂ ነገሩ ያው የእትዬ ተረት ነው። አቤል ያን ቀን የታመመው በዘይቱኑ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ዛሬም ፍራፍሬ ስገዛ ሳላገላብጥ አልከፍልም፤ ሻጮቹ አስቸጋሪ ደንበኛ ነች ይሉኛል።

እትዬ አገራቸው ከገቡ ቆይተዋል። በቅርቡ ስደውልላቸው ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ያን ቀን ዘይቱኑን የበሉት ተረት መሆኑን ስለሚያውቁ ነው፣ አይደል? እኔ እንዳልፈራ ብለው።»



«ማን ነው ተረት ነው ያለሽ?» አሉ። «እኔ እኮ አምኜ ነው የበላሁት። እጄ ሲንቀጠቀጥ አላየሽም?»

አላየሁም። ያኔ ቀና ብዬ የማየው ከጭሱ በላይ የሚያልፉትን የሌሊት ወፎች ነበር።