ግራጫውን ጥላ የፈራው ሰው

ስልኩ የተደወለው ምስር እየለቀምኩ ሳለሁ ነው። ጾም ነበር። የደወለችልኝ ጉለሌ በነበረው ቢሮአችን ንድፍ የምታትመው ጓደኛዬ ናት። እኔ ኪጋሊ ከገባሁ ወዲህ አልፎ አልፎ ትደውላለች። ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ፣ «ላልነግርሽ ነበር» አለችኝ። ያ አለቃችን የነበረው ኢንጂነር ለአዲስ ገቢዎች ሥልጠና ሰጥቷል። ያስተማራቸው የእኔን ዘዴ ነው፣ የራሱ አድርጎ። ሲጨርስ ደግሞ፣ «እዚህ አንዲት ጸሎተኛ ነበረች፤ ቼክ ማድረጉን ለመላእክት ትታ ኮለን አስፈረሰችብን» ብሎ አሳቃቸው።

ሰፌዱን እንዳለ ትቼው ተነሣሁ።

እዚያ ቢሮ የሕንፃ ንድፍ በኮምፒውተር እሠራ ነበር፤ ዘዴው እንዲህ ነው። የአንድ ኮለን፣ የሕንፃው ምሰሶ ማለት ነው፣ ልክ ብዙ ወረቀት ላይ ይደጋገማል። ልኩ በተቀየረ ቁጥር እያንዳንዱን ጽሑፍ በዓይኔ እየፈለግሁ አርም ነበር። አንዷ ካመለጠች ሕንፃው ላይ ትገኛለች። ስለዚህ አንዱን ጽሑፍ እናት አደረግሁና የቀሩትን ከእሷ ጋር አያያዝኳቸው፤ እናቲቱ ስትቀየር ሁሉም በራሳቸው ይቀየራሉ። የተያያዘ ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ላይ ከጀርባው ግራጫ ጥላ ይታይበታል። ሲታተም ጥላው አይወጣም።

ኢንጂነሩ ይህን አላመነም። የሸጎሌውን ሕንፃ ንድፍ ልናትም ስንል ወንበሬን ይዞ ተቀመጠና፣ «ይሄ ምንድነው? ወረቀቱን ጭስ ያጠነው አስመሰልሽው እኮ» አለ።

«ኢንጂነር፣ ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ አይወጣም።»

«አንቺ ጸልዪ። ማተሙን ለእኛ ተዪው።»

አብረውን የሚሠሩ ሦስት ሰዎች ሳቁ። እሱም የመሠረቱ ወረቀት ላይ ያሉትን ጽሑፎች በሙሉ ከእናቲቱ ፈታቸው፤ ጥላው ጠፋ፣ ደስ አለው። ቀሪዎቹን እንዳይነካ ለምኜ አስተረፍኩ። የመሠረቱንም መልሼ ላያይዝ ስል፣ የታተመ ወረቀት አይነካም ብሎ ከለከለኝ።

ከዚያ የኮለኑ ልክ ከአርባ ወደ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ሆነ። እናቲቱን ቀየርኩ፤ ሁሉም ተቀየሩ። የመሠረቱ ወረቀት ግን አርባ እንዳለ ቀረ። እኔም አላየሁትም፤ ይህን አልክድም። ኮንትራክተሩ በእሱ ሠራ፤ የቆመው ሁሉ እንዲፈርስ ተደረገ። ስብሰባው ላይ ማን እንደፈታው ስናገር ኢንጂነሩ፣ «ማያያዣው የማነው? የእሷ አይደለም?» ብሎ ዞር አለ። ያን ቀን የሳቁት ሦስቱም ጠረጴዛውን ያዩ ነበር። በሳምንቱ ተሰናበትኩ። ከዚያ በኋላ ሥራ የጠየቅሁበት ቢሮ ሁሉ ወሬው ቀድሞኝ ይደርስ ነበር፤ አገር ለቅቄ የወጣሁትም ለዚሁ ነው።

የነፍስ አባቴ፣ «ለእግዚአብሔር ተዪው፣ ልጄ» አሉኝ። እሺ አባቴ አልኳቸው። ግን ቅዳሴ ቆሜ እንኳ በሐሳቤ ኢንጂነሩን እነዚያ ሠልጣኞች ፊት አቆመዋለሁ። የድሮውን ፋይል አስከፍተዋለሁ። ጥላ የሌለውን ጽሑፍ በገዛ ጣቱ አስጠቁመዋለሁ። ላቡ ሲወርድ ቆሜ አያለሁ፤ መሐረብ አላቀብለውም። ሞቱን አልመኝም፣ ኃጢአት ነው። ረጅም ዕድሜ እመኝለታለሁ፣ ያፈረበት ረጅም ዕድሜ። ይህም ኃጢአት ከሆነ ንስሐ እገባለሁ፤ መጀመሪያ ግን ይፈር።

እናንተ ያን ቀን የሳቃችሁት ሦስታችሁ፣ በየበዓሉ እየደወላችሁ «እኛኮ እውነቱን እናውቃለን» ትሉኛላችሁ። ማወቃችሁን ምን ላድርገው? እኔ እዚህ በሰላም እየሠራሁ፣ እዚያ ስሜ መሳቂያ ሆኗል። እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ሥልጠና ስለ ጸሎተኛዋ ማውራት ሲጀምር አንዳችሁ ተነሡና ማን እንደፈታው፣ ምን ብሎ እንደፈታው ተናገሩ። ለእኔ በስልክ አይደለም፤ እሱ ቆሞ እየሰማ፣ እነዚያ የሳቁት ልጆችም በሙሉ ተጠርተው ባሉበት።