ገንዳው ከቤቱ ጋር ነው

ወይዘሮ አዛለች ቤቷን ልትሸጥ ማሰቧን የነገረችው ለልጇ ለዳግማዊት ብቻ ነበር፤ ያውም በስልክ፣ ያውም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። በማግስቱ ጠዋት ከግቢዋ ስትወጣ ግን ደላላው ደሳለ ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ አዛለች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

አዛለች ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። ደሳለ እንዲህ ነው። ላሊበላ ውስጥ ቤት ለመሸጥ የታሰበ እንደሆነ፣ ባልና ሚስት ገና ሳይስማሙ እሱ ጣሪያውን ቀና ብሎ አይቶ ጨርሷል። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለምታውቀው አስገብታ ጠላ ቀዳችለት። እሱም አንድ ጊዜ ጎንጨት ብሎ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ያለ ደላላ ልትሸጪ ነው እንዴ ብላ ዳግማዊት ራሷ ተጨንቃለች። እርስዎ እኮ ዋጋ ሲጠየቁ መሬት መሬት ነው የሚያዩት። ገዢው የወደቀ ነገር ያለ መስሎት አብሮ ሲፈልግ ይውላል።»

«አንተ ደግሞ ትዋሻለህ።»

«እኔ? የቱን ዋሸሁ?»

«ያን የታችኛውን ቤት ስታሻሽጥ፣ በመስኮቱ ተራራው ላይ የአሸተን ማርያም መነኮሳት ሲጸልዩ ይታያሉ ብለህ የለም?»

«አየሩ ሲጠራ ነው ያልኩት።»

አዛለች እንደገና ሳቀች፤ ሐሳቧን ግን አልለወጠችም። ተድራ የገባችበት፣ ወልዳ የተነሣችበት ቤት ባልሆነው ነገር እንዲሞገስ አልፈለገችም። ደሳለም አልተቀየመም። ጠላውን ጨርሶ ተነሣና በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «አፍ ሲያጥርዎት ይጥሩኝ» አላት።

ቤቱ እንደ አብዛኛው የላስታ የድሮ ቤት ክብ ነው፤ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ባለ ደርብ፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣ። ጎኑ ላይ ሟቹ ባሏ ቢሆነኝ የጨመራቸው ባለ ቆርቆሮ ክፍሎች አሉ። ግቢው ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥላው እስከ በሩ የሚደርስ ወይራ ቆሟል። በሩን አልፈው ሲገቡ በስተቀኝ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ገንዳ ተቀምጧል። ቢሆነኝ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ያን ገንዳ የሠራው ግን ለገበያ ሳይሆን ለእንግዶቹ እግር ነው። አንደኛው ጠርዙ ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሳይቸገር እግሩን እንዲያስገባ ብሎ ያሰበበት ነው። ከታች በኩል ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው የሚደፈነው ጨርቅ በተጠቀለለበት እንጨት ነው። አዛለች ያን እንጨት ከዓመት ዓመት ከምሰሶው ሥር በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች።

እንግዶቹ ከዋግ የሚመጡ ተሳላሚዎች ናቸው። ልደት ሲቃረብ፣ አያ ከፋለ የሚባሉ ሽማግሌ እየመሯቸው፣ በሶና ቆሏቸውን በስልቻ ይዘው፣ አቀበት ቁልቁለቱን በእግራቸው ጨርሰው ይደርሳሉ። ከቢሆነኝ አባት ጊዜ ጀምሮ የሚያርፉት እዚህ ግቢ ነው። ማንም አይጠራቸውም፣ እነሱም መጣን ብለው አይልኩም። በሩ ገርበብ ብሎ ይጠብቃቸዋል፤ አዛለች ውሃ አሙቃ እግራቸውን ታጥባለች፣ ከወይራው ሥር ጭድ ታነጥፋለች። በላሊበላ ይህ የአዛለች ቤት ብቻ ወግ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አገር ሰዎች አሉት።

አሁን ግን ጉልበቷ ደረጃውን እንቢ አለ። ዳግማዊት ጋሸና መገንጠያው ላይ ምግብ ቤት ከፍታ፣ «እማዬ፣ ብቻሽን አትሁኚ፤ ነይልኝ» ስትል ከርማለች። አዛለች ቤቱን መልቀቁን ቀስ በቀስ ለመደችው። ያልተዋጠላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አያ ከፋለና ሰዎቹ መጥተው ከተዘጋ በር ፊት መቆማቸው። ስለዚህ ለገዢው የምትናገረውን አዘጋጀች። ግቢውን ስትጠርግ ለወይራው ትለማመድበታለች፦ «አደራ አለኝ፤ ለልደት የሚመጡ እንግዶች አሉኝና በር እንዳትዘጉባቸው።» ለወይራው ስትናገረው ድምፅዋ ጥሩ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ገዢ ግድግዳውን በጣቱ አጥንት እያንኳኳ ዞረ፤ ቃሏን ሳትነግረው ሄደ፤ ደስም አላት። ቀጥሎ የመጡት እሱባለውና ፍሬ ናቸው። እሱባለው እዚያው ከተማ ተወልዶ ያደገ አስጎብኚ ነው። ሚስቱ ፍሬ የደሴ ልጅ ናት፤ የሆቴል ሥራ ተምራለች። ቤቱን የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርጉት አስበዋል። ፍሬ ደረጃውን ወጥታ ወርዳ፣ የግድግዳውን ድንጋይ በመዳፏ ዳስሳ፣ «ይሄን ቤት የሚያፈርስ ሰው እጁ አይታዘዘውም» ስትል አዛለች ወደደቻት። ከዚያ ፍሬ ገንዳው ዘንድ ደረሰች።

«እሱባለው፣ ይሄን አየኸው? አበባ ቢተከልበት እንዴት ያምራል።»

በእሱባለው እናት ቤት እንግዳ የሚታጠበው በሳፋ ስለነበር የከብት መጠጫ መሰለው። «ያምራል» አለና ወደ አዛለች ዞረ። «እትዬ፣ ገንዳው ከቤቱ ጋር ነው?»

ያ ቃል እስከ ጉሮሮዋ መጣ። አዛለች መሬት መሬት አየች።

«ከቤቱ ጋር ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ጠላ ልቅዳላችሁ?»

የሽያጩ ቀን ሽማግሎች ከወይራው ሥር ተቀመጡ። የውሉ ፊርማ በማዘጋጃ ቤት ይሁን እንጂ፣ በዚያ ሰፈር ቤት ሲሸጥ መጀመሪያ ሽማግሌ ፊት ሁሉም ነገር ይነገራል፤ ድንበሩ፣ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት፣ ጎረቤት የሚተላለፍበት። መጨረሻ ላይ አንጋፋው ሽማግሌ መምሬ ቃለሕይወት ሻጭንም ገዢንም ይጠይቃሉ። ደሳለ ማንም ሳይጠራው ምስክር ልሁን ብሎ መጥቶ፣ ራቅ ብሎ ተቀምጧል።

«ወይዘሮ አዛለች፣ ያልተነገረ ነገር አለ?» አሉ መምሬ።

የአዛለች ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሁሉም ያያታል። ፍሬ ፈገግ ብላ ታያታለች። እንግዶቼን ተቀበሉልኝ ብትል ሽያጩ ይፈርሳል ብላ ፈራች፤ ደግሞም የከተማው ልጅ እሱባለው ይህን ሳይነገረው ማወቅ አለበት ብላ ራሷን አጽናናች።

«የለም፣ አባቴ።»

መምሬ መረቁ፣ ሁሉም አሜን አለ። ደሳለ ብቻ አሜን እያለ ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም።

ክረምቱ ሲወጣ አዛለች ጋሸና ገባች። ለጥቂት ጊዜ ደህና ነበረች። የከባድ መኪና ሾፌሮች እማማ እያሉ ለመዷት፤ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ወሬያቸውን ትሰማለች፤ ማን በርበሬ ያለው ወጥ እንደሚወድ፣ ማን ጨጓራ እንዳለበት ለየች። ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን በጋይንት በኩል የሚመጡ ተሳላሚዎች በአይሱዙ እየተጫኑ መገንጠያው ላይ መውረድ ጀመሩ። አዛለች እግራቸውን እግራቸውን ማየት አመጣች። ምግብ ከአፏ አልገባ አለ።

ዳግማዊት ጠይቃ ጠይቃ ነገሩን አወጣጣቻት። «ታዲያ ደውዪላቸዋ!»

ደወለች። ፍሬ አነሣች። አዛለች ስለ ጤና ጠየቀች፣ ስለ ቆርቆሮው ጠየቀች፣ ብርዱ እንዴት ነው አለች፣ ቀጥላም «በሉ ደህና ዋሉ» ብላ ዘጋች።

«ነገርሻት?» አለች ዳግማዊት።

«ብርድ ነው አለችኝ።»

ቀጥላ የደወለችው ለደሳለ ነበር። እሱም እስከ መጨረሻው ሰምቶ ረጅም ፉጨት አሰማት።

«ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ነው ደላላ የሚቀጠረው? የዚያን ቀን መምሬ ሲጠይቁዎት አይቼዎታለሁ። አፍዎ ላይ ነበር።»

«አፌ ላይ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። አንተ ንገርልኝ። የፈለግኸውን ልስጥህ።»

ደሳለ ስለ ዋጋው አልጠየቀም። ስለ ዋጋ የማይጠይቅ ደሳለ ሰምታ ስለማታውቅ ስልኩን ሌላ ሰው ያነሣው መሰላት።

«እትዬ» አለ፣ «እኔ ከተናገርኩት ዋጋ ያለው ነገር ይመስላቸዋል። ደላላ ነኛ። መደራደር ይጀምራሉ። ይሄ የሚሆነው ራስዎ ከነገሯቸው ብቻ ነው፤ ባይሆንም ራስዎ ነግረዋቸው ይቅር።»

በማግስቱ ጠዋት አዛለች የገንዳውን መድፈኛ እንጨት ከተጠቀለለበት ነጠላ አወጣች፤ ቤቱን ስትለቅ ለማንም ሳትነግር ይዛው መጥታ ነበር። ጉያዋ ውስጥ አስገብታ ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ ያንን ቃል ለራሷ ስትል፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የምትጸልይ መስሎት ወሬውን ቀነሰላት።

ላሊበላ ስትደርስ መንገዱ በነጭ ነጠላ ተሞልቷል። የድሮ በሯ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ገፋ አደረገችው። በገንዳው ውስጥ አፈር ሞልቶ ቀይ አበባ አብቦበታል፤ ከወይራው ሥር አዳዲስ ወንበሮች ተደርድረዋል። ፍሬ አንሶላ ታጥፋለች፣ እሱባለው መሰላል ላይ ሆኖ አምፖል ያስራል። አዛለችን ሲያዩ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ወደሷ መጡ። እሷ ግን ሰላምታ ውስጥ ከገባች እንደገና አፏ እንደሚያያዝ ስላወቀች፣ በሩ ላይ እንደቆመች ጀመረች።

«ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። መምሬ ሲጠይቁኝ የለም አልኩ፤ ነበረ። ከዋግ የሚመጡ እንግዶች አሉኝ። የሚያርፉት እዚህ ነው። ዛሬ ወይ ነገ ይደርሳሉ። አደራ፣ በር እንዳትዘጉባቸው።»

ድምፅዋ ለወይራው ስትናገር እንደነበረው አልሆነም። ግን ወጣ።

ፍሬ ባሏን አየችው። እሱባለው ጭንቅላቱን አከከ።

«እማማ» አለች ፍሬ ቀስ ብላ፣ «ክፍሎቹ በሙሉ ተይዘዋል። ከአዲስ አበባ ነው የሚመጡት፤ አስቀድመው ነው የያዙት።»

«ክፍል አያውቁም፣ ልጄ። ግቢው ላይ ነው የሚተኙት። ጭድ ይበቃቸዋል።»

«ስንት ናቸው?» አለ እሱባለው።

«አንድ ዓመት ይበዛሉ፣ አንድ ዓመት ያንሳሉ።»

«እንግዶቻችን ቁርስ የሚበሉት እዚህ ወይራ ሥር ነው እኮ። ለዚህ ብለን ነው ወንበሩን...» እሱባለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። «ያኔ ቢነግሩን ኖሮ አንገዛም የምንል መስሎዎት ነው?»

«አዎ።»

እውነቱን ስለተናገረች ሊቆጣት አልቻለም። «እኔም አላውቅም ምን እንል እንደነበር» አለ።

አዛለች ከጉያዋ በጨርቅ የተጠቀለለውን እንጨት አውጥታ ለፍሬ ዘረጋችላት። ፍሬ ተቀብላ አገላበጠችው፣ አልገባትም። አዛለች በጣቷ የገንዳውን ቀዳዳ አሳየቻት፤ ከዚያ ዝቅ ያለውን ጠርዝ፣ በርጩማው የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ጉልበታቸው የማይታጠፍ ሽማግሌዎች እንዴት እንደሚቀመጡ አሳየቻት። ፍሬ ጠርዙን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ያን የመጀመሪያ ቀን ግድግዳውን እንደዳሰሰችው አድርጋ።

«እኔ ደግሞ አጣሞ ጠርቦታል እያልኩ ስስቅ ነበር» አለች።

እጅጌዋን ሰበሰበችና አበቦቹን ከነሥራቸው ማውጣት ጀመረች። እሱባለውም ወንበሮቹን ሁለት ሁለት እያነሣ ወደ ደርቡ በረንዳ ማውጣት ያዘ። «ቁርሱ እላይ ተሆኖ ይበላል» አለ ለራሱ፣ «አሸተንም ይታያቸዋል።»

ገንዳው ታጥቦ፣ ውሃው ምድጃ ላይ ተጥዶ መፍላት ሲጀምር፣ ደሳለ በሩን ከፈት አድርጎ ራሱን አስገባ። ቤቱ ከጠፋባቸው ሰዎች ጋር ነበር።

«አያ ከፋለ በሩን አይተው ሰማያዊ ነው፣ የእኛ አይደለም ብለው ሊያልፉት ነበር» አለ። «እኔ ነኝ የመለስኳቸው። ያለ ክፍያ።»

አያ ከፋለ ዱላቸውን ተመርኩዘው ገቡ፤ ከኋላቸው ሌሎቹ፣ አቧራ የለበሰ እግራቸውን እያራገፉ። ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩትና አዛለች ላይ ዓይናቸው አረፈ።

«አዛለች፣ ደህና ነሽ ወይ? ቤቱን ምን አገኘው?»

«ሸጥኩት፣ አያ ከፋለ። ቤቱ የእነዚህ ልጆች ነው። እኔም እንደ እናንተ ዛሬ ነው የመጣሁት።»

«ከየት?»

«ከጋሸና።»

አያ ከፋለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍሬ በርጩማውን ከዝቅተኛው ጠርዝ አጠገብ አስቀምጣ፣ ውሃውን በክርኗ ነካ አድርጋ ሙቀቱን ለካች። ሽማግሌው ሊቀመጡ ነው ብላ አዛለች ልትደግፋቸው እጇን ስትዘረጋ፣ እሳቸው በዱላቸው ወደ በርጩማው አመለከቷት።

«ከሩቅ የመጣሽ አንቺ ነሽ። ተቀመጪ።»

«እኔማ በመኪና ነው የመጣሁት» አለች አዛለች፤ እግሯንም ቀሚሷ ሥር ደበቀች።

ሁሉም ሳቁ፤ ደሳለ ከሁሉም በላይ። ፍሬ ግን ተንበርክካ ትጠብቃት ነበርና፣ አዛለች ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች። መሬት መሬት እያየች እግሯን ወደ ውሃው አስገባች። ጠርዙ ልክ ቢሆነኝ እንዳሰበው ጉልበቷን ሳያስጨንቃት ተቀበላት።

«ሞቀ፣ እማማ?» አለች ፍሬ።

«ትንሽ ቀዝቃዛ ጨምሪበት፣ ልጄ» አለች አዛለች። «አያ ከፋለ የሚወዱት ለብ ያለውን ነው።»