ጭምብል ያጠለቀው አጎቴ

ሰሞኑን ሜድስቶን ያለው ቤታችን አጥር ቀለም ተቀባ። ከሥራ ስመለስ ሽታው ከመንገድ ጀምሮ ተቀበለኝ። ሌላውን ሰው ራሱን ያመዋል፤ እኔን ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አድርጎ አስኮት ቬል የሚባለው ሰፈር፣ ያደግሁባቸው የመንግሥት ቤቶች ግድግዳ ሥር ያቆመኛል። ቁልፌን እንደያዝሁ በር ላይ ቀረሁ። እናቴ ከውስጥ፣ ግቢ እንጂ ምን ይገትርሻል ስትል ነው የነቃሁት።

የዚያን ዓመት በጋ ካውንስሉ፣ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት፣ አንዲት ሜክሲኳዊት ሠዓሊ ላከልን። ድምፀ ጎርናና፣ ጥፍሯ ሁልጊዜ ቀለም የነካው፣ ሬዲዮዋ ከጠዋት እስከ ማታ መለከት የሚያስጮኽ ሴት ነበረች። ትራም በሚያልፍበት በኩል ያለውን ረጅም ግድግዳ በአገሯ ክፍለ ሀገሮች ባህል ልትሞላው ነበር የመጣችው። ከላይ ቀሚሳቸውን እንደ ጃንጥላ የዘረጉ ሴቶች፣ በስተቀኝ ጨፋሪዎች፣ ከታች ከዳር እስከ ዳር ቢጫ አበባ። በእኛ አገር ሙታን በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ቤታቸው ይመጣሉ፣ የሚወዱት ምግብና ቢጫ አበባ ይጠብቃቸዋል አለችን። አበባው መካከል የእኛንም ሙታን ልትሥል ፈልጋ ፎቶ አምጡ አለች። ቬትናማዊቷ ጎረቤታችን የባሏን ወሰደች፤ ምድር ቤት የሚኖረው ቱርካዊ ደግሞ የእናቱን።

እናቴ በዚያን ጊዜ መቀመጥ የማትችል ሴት ነበረች። ሻይ እንኳ ቆማ ነበር የምትጠጣው። ከሥራ ሺፍቷ ስትመለስ ከስልኩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ስልኩ ትመላለሳለች። ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ነበር እንዲህ ያደረጋት። ካርቱም ላይ ተለያዩ፤ እሷ ወደዚህ፣ እሱ ወደ ሊቢያ። አንድ ቀን ደውሎ ባሕሩን ልንሻገር ነው አላት፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። መርዶ የነገራት የለም፣ ስለዚህ አላለቀሰችም። አለ ያላትም የለም፣ ስለዚህ እፎይ አላለችም። ይኼ ቁጭ ማለት አለመቻል ወደ እኔም ተጋብቶ ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ፊልም አልጨርስም።

ጎረቤቶቿ ፎቶ ይዘው ሲወርዱ አየች። ለምን እንደሆነ እኔን አልጠየቀችኝም። የወንድሟን ፎቶ ከአልበም አውጥታ ለሠዓሊዋ ሰጠችና ፊቷ በርቶ ተመለሰች። እሷ የገባት የጠፋ ሰው የሚፈለግበት ግድግዳ መሆኑ ነበር። የእኛ ሰው ሁሉ በዚያ ትራም ያልፋል፤ አብሮት የተሻገረ አንድ እንኳ ቢኖር መልኩን ያውቀዋል ብላ ነበር። ይህን ሁሉ እራት እየበላን ነገረችኝ። ግድግዳው የሙታን መሆኑን ጨክኜ በእንግሊዝኛ ነገርኳት።

"ማሚ፣ ዳት ዎል ኢዝ ፎር ዴድ ፒፕል።"

ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መልሳ በነጠላ ጫማ ወረደች። እኔም ተከተልኳት። የበጋ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ይተፋ ነበር። ሠዓሊዋ የአጎቴን ግንባርና አንድ ዓይን ሥላ ጨርሳለች።

"አጥፊው በያት። ማነው ሞተ ያላት?"

ግማሹን ተረጎምኩ፣ ግማሹን ፊቷ ነገራት። ሠዓሊዋ ጨርቅ ነክራ ዓይኑን ጠረገችው። እናቴ ያኔ ነው የባሰባት። ወንድሟ ሲጠፋ ዓይኗ እያየ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ተንሰቀሰቀች። እንዲኖርም አልፈለገችም፣ እንዲጠፋም አልፈለገችም። እኔ በሁለቱም ተናደድኩ፤ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ በግድግዳው ዳር ወዲያና ወዲህ እል ነበር።

ሠዓሊዋ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ሁሉ ከእኔ ሰማች። ከዚያ በስተቀኝ ያሉትን ጨፋሪዎች አሳየችን። ከአገሯ ክፍለ ሀገሮች በአንዱ ወጣቶች የሽማግሌ ጭምብል አጥልቀው፣ ጎብጠው፣ ከዘራ ተደግፈው ይወጣሉ። ሊወድቁ ሲሉ፣ ሲያስሉ ሕዝቡ ይስቃል፤ ድንገት ግን መሬቱን እየደለቁ ይጨፍራሉ። እዚህ ጋ ልሣለው፣ በዚህ በኩል የሞተ ሰው የለም አለች።

እናቴ አላመነቻትም። "ከጭምብሉ ሥር ያለው ወጣት ነው? ጠይቂያት።"

"ወጣት ነው።"

"በሕይወት አለ?"

"ይጨፍራል እኮ" አለች ሠዓሊዋ።

የወንድሟ ቁመና የእሷ ቁመና ስለነበር በማግሥቱ እናቴ ራሷ ለሥዕሉ ቆመችላት። መጥረጊያ እንጨት ተደግፋ፣ ወገቧን አጎንብሳ፣ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ንቅንቅ አላለችም። ያን ያህል ረግታ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ፈራሁ። በዚያ ቀን ፈንታዋን የተንቆራጠጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን በሄድን ቁጥር ትራሙ ውስጥ በግድግዳው በኩል ትቀመጥ ነበር። ስናልፍ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምትለው ጠይቄያት አላውቅም።

ሠዓሊዋ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ እኔም አደግሁ። ባለፈው ክረምት ቤቶቹ ሊፈርሱ ነው ተባለና እናቴ ወደ እኔ ተዛወረች። ሥዕሉን ፎቶ ላንሣልሽ ብላት እንቢ አለች። ሲያፈርሱት ግን ልየው አለች። ከመንገዱ ማዶ ቆመን ማሽኑ ቢጫውን አበባ፣ ቀሚሶቹን፣ በመጨረሻ ከዘራውን የያዘውን እጅ ሲያወርድ አየን። አላለቀሰችም። ትራም ውስጥ እጄን ያዘችኝ።

"ነገ ጠዋት ጋሼን ጥሪልኝ። የሰፈሩንም ሰዎች ይዘው ይምጡ። መርዶዬን ይንገሩኝ።"

ጋሼ የምንላቸው የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ለሁላችንም መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ከሰዎቹ ጋር በጠዋት መጡ። የሚነግሯት ወሬ አልነበራቸውም፤ ጨንቋቸው እኔን እኔን ያዩኛል። እናቴ ጥቁር ለብሳ ከመኝታ ቤት ወጣችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ይንገሩኝ፣ ጋሼ።"

"ወንድምሽ አርፏል፣ ልጄ" አሏት፤ ገና አሁን የተደወለላቸው ይመስል።

እናቴ ደረቷን እየመታች በስሙ ጠራችው። ያን ስም ቤታችን ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።