የማይጎተተው ቬሎ

ያ ቬሎ አንድ ቀብድ፣ የሦስት ሳምንት እንቅልፍና አንድ ጥንድ ነጭ ጫማ አስወጥቶኛል። ትዝ ያለኝ ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ ልጄ ሳሪስ ቬሎ ስትለካ፣ ከኋላዋ የሚጎተተውን ጨርቅ ሁለት ሴቶች ተሸክመውላት ሳይ።

ያኔ፣ እናቷን ሳላገባ፣ ሳሪስ አቦ አጠገብ የቤት ዕቃ ሱቅ ነበረኝ። ደንበኛን በጫማው አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። አልማዝ ምሳ ዕቃ ልትገዛ መጣች፤ የብረቱን ትታ ውስጡ የሚታየውን ፕላስቲክ መረጠች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ዋጋ ስትከራከረኝ ወደድኳት። ስለ አባቷ ሳነሳባት "ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው" ትለኛለች።

ለሠርጋችን ረጅሙን ቬሎ አይቼ ቀብድ ከፈልኩ። ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ ጫፉ ገና መኪናው ውስጥ እንዲቀር ነበር ሐሳቤ፤ ሰፈሩ ይየው!

"የሚጎተት አልፈልግም" አለች።

"ለምን?"

"አልፈልግም አልኩህ።"

ቁርጭምጭሚቷ ላይ የሚያልቀውን መረጠች። ሚዜዬ ከድር ይህን ሰምቶ፣ "ወንድሜ፣ የማይጎተት ቬሎ የምትመርጥ ሴት ልትሮጥ አስባለች" አለኝ። ሳቅኩ። ግን እሁድ እሁድ ጠዋት የት እንደምትጠፋ አላውቅም ነበርና፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ሰበብ እየፈጠርኩ በደጃቸው ስመላለስ የሰፈሩ ውሾች ለመዱኝ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናብ ባደረበት እሁድ ነበር። ወደ አዳራሹ ስንሄድ አልማዝ የሾፌሩን ትከሻ ነካ አድርጋ፣ "ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ታጠፍልኝ" አለችው። በሩ ጋ ቀሚሷን በሁለት ጣት ሰብስባ ወረደችና ምሳ ዕቃ ከያዙት ጠያቂዎች ኋላ ተሰለፈች። እኔ በነጭ ጫማዬ ጭቃውን እያቦካሁ ተከተልኳት። ጥበቃዎቹ የየሰዉን ምሳ ዕቃ ውስጡን ሲያዩ፣ ቬሎውም ምሳ ዕቃውም ያን ጊዜ ገባኝ።

አባቷ ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል። ሲሠሩበት ከነበረው መጋዘን በጎደለ ዕቃ ተፈርዶባቸው ኖሯል። ሙሽራ የአባቷን ጉልበት ስማ ነው የምትወጣው፤ እዚያ ግን እጅ እንኳ አይደርስም። አልማዝ እዚያው መሬት ላይ ተንበረከከች።

"እንደሳምሽኝ ይቆጠር። ተነሺ ልጄ፣ ልብስሽ ቆሸሸ" አሏት። ቀና ብለው እኔን አዩ። "ምሳ ዕቃ በውድ የሸጥክላት አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"በል፣ ተባረኩ።"

መኪና ውስጥ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። ጭቃውን ከጉልበቷ ላይ እየፋቀች፣ "ትሸሻለህ ብዬ ነዋ!" አለች። ለካ ሁለታችንም የምንጠብቀው ሩጫ ነበር።

ቅዳሜ ልጄ መስታወት ፊት ዞር ብላ፣ "አባዬ፣ አልረዘመም?" አለችኝ።

"መጀመሪያ የት የት እንደምትሄጂበት ንገሪኝ" አልኳት።

ቀብዱ አልተመለሰም። ጫማው አልጸዳም። አልማዝ እስካሁን አልሮጠችም።