ጋሼ ጆሮና ሁለቱ ራቁት ሞተሮች

ዛሬ ስለ ጎማ አልጽፍም። ስለ ዘይት የጠየቃችሁኝም ትንሽ ታገሱኝ። ሁለት ወር ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረች አንዲት ነገር አለች፤ እሷን ካላወጣኋት ሌላው አይወጣልኝም። እኔ ደግሞ ወሬ ይዤ ማደር የማልችል ሰው ነኝ፣ የሚያውቀኝ ያውቃል። ሁለት ወር እንዴት እንደከረምኩ እናንተው ገምቱት።

ሥራዬ ሞተር ሳይክል መጠገን ነው። ትምህርቱን ሰባተኛ ላይ ስለተውኩት ፊደል ስገድፍ አይታችሁ እለፉኝ። ስድስት ዓመት የሠራሁት አንድ ሰው ጋ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ ጆሮ» ነው የሚለው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የመብራት ሂሳብ የሚያመጣው ሰውዬ ብቻ ናቸው።

ጆሮ የተባለው እንዲህ ነው። የታመመ ሞተር ሲመጣለት እንደሌላው ዝም ብሎ አይፈታም። ክንድ የሚያህል ረጅም ካቻቢቴ አለው። ጫፉን ሞተሩ ላይ ያስደግፍና እጀታውን ከጆሮው ኋላ ያለችው አጥንት ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። «ሆዷን ልስማት» ነው የሚለው፤ ሆድ ማለት ፒስተኑ፣ ቫልቩ፣ ያ ሁሉ የውስጡ ዕቃ ነው። ባለቤቱ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ከዛ ጋሼ ዓይኑን ይገልጥና «ሰንሰለቷ ነው፣ ሆዷ ጤነኛ ነው» ይላል። በቃ፣ ሰንሰለቷ ነው! አንዴ አንዱ ደላላ በስልክ አሰምቶት «ዘይት ጨርሳለች፣ አሁኑኑ አጥፋት» ብሎ አድኖለታል። በስልክ እኮ ነው የምላችሁ!

እኔን ደግሞ «ራዲዮ» ይለኛል። ስሠራ ስለማወራ ነው። ጎማ ስፈታ አወራለሁ፣ ካንዴላ ስጠርግ አወራለሁ። ሲበዛበት ዞር ሳይል «ራዲዮ! ቀንስ!» ይለኛል። ከጎናችን ያለው ሶፋ ሠሪ መዶሻውን ይዞ ይስቅብኛል።

ይሄ ሰውዬ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ሞተር ሲያድን ኖሮ፣ እሱ የሚነዳው ዕቃ ማመላለሻ የሆነች ሚጢጢ ሞተር ነበር። ምኞቱ ግን ሌላ ነው። ኔክድ፣ ማለትም ራቁት፣ የሚባሉት፣ ፕላስቲክ ልብስ የሌላቸው፣ ጉልበታቸው የስፖርት የሆነ፣ ሆዳቸው ሁሉ ውጭ የሚታይ። እናቴ አንዴ ስልኬ ላይ አይታ «ይሄን ነው ራቁት ሞተር የምትሉት? ቢያንስ አንድ ነገር ጣል አርጉባት እንጂ» ብላናለች። ጋሼ የሚወደው ባለ አራት ሲሊንደሯን ነው። ወጣት ሆኖ አንዷ በአጠገቡ አልፋ፣ በደቂቃ ከአሥር ሺህ ዙር በላይ ስትወጣ ያሰማችው ለቅሶ ከአእምሮው አልወጣም። ደስ ሲለው ባፉ ያስለቅሳታል። እንደ ቀጭን ፉጨት አርጎ ይጀምርና ደም ሥሩ እስኪገተር ያወጣታል።

ዘንድሮ ሚስቱ፣ እትዬ የምላት፣ ሰለቻት። «ወይ ግዛት ወይ አፍህን ዝጋ። እኔ ከሷ ጋር ሃያ ዓመት ጣውንት ሆኜ ኖርኩ» አለችው። የቆጠበው ነበረው፣ ሚጢጢዋንም ሸጣት።

ሁለት ተገኙ። አንዷ የአንድ የጥርስ ሐኪም ጥቁር ባለ አራት ሲሊንደር ናት፤ ማርሽ ያለ ፍሪስዮን የምትቀይር፣ እንደ ሹል ቢላ የሆነች። ሌላዋ የአንድ ፎቶ አንሺ ብርቱካናማ ባለ ሁለት ሲሊንደር ናት፤ ገና በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ ስትሰጣት ሰው ከኋላህ የገፋህ የምታስመስል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። እኔ የብርቱካኗ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ባለ ሁለቷ ዳገት ላይ ትጎትታለች እኮ!»

«ትጎትት። በሬም ይጎትታል።»

«መለዋወጫዋ ይገኛል።»

«ዕቃ አይደለም የምገዛው፣ ድምፅ ነው የምገዛው» አለኝ። ተበላሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለቱም መጡ። መጀመሪያ ሐኪሙ ጥቁሯን አስነሳ። ጋሼ ካቻቢቴውን ለጠፈና ዓይኑን ጨፈነ።

«ነዳጅ ስጣት።»

ሐኪሙ ሰጣት። ወጣች። ምን ልበላችሁ፣ ለቅሶዋ ግድግዳውን አልፎ ሄደ። ሶፋ ሠሪው ሚስማር ባፉ እንደያዘ ወጣ። ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣዋ ሴትዮ አንሶላውን ይዛ ቀረች። የኔም የክንዴ ጸጉር ቆመ።

«ስጣት እንጂ!» አለ ጋሼ።

«ሰጠኋት እኮ!»

«ጨምር!»

የዙር መቁጠሪያው መርፌ አሥራ አንድ ሺህ ላይ ነው። ጋሼ ካቻቢቴውን አነሳና ጫፉን አየው። በእጅጌው ጠረገው። መልሶ ለጠፈው። ከዛ እጁን አወዛወዘ።

«አጥፋት። ታፍናለች። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ውስጥ የተወተፈ ነገር አለ።»

«ጋሼ፣ ባለፈው ወር ነው እኮ ያስመረመርኳት!»

«ያስመረመርከው ጥርሷን ይሆናል።»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ያቺን ሳቄን ዛሬ ባስታወስኩ ቁጥር መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ብርቱካኗ ተነሳች። ዱግ ዱግ ዱግ ትላለች፣ ጥሩ ነው፣ የባለ ሁለት ወጉ ነው። ከሥር ግን ሌላ ነገር አለ። ቶክ... ቶክ... ቶክ። ያለ ካቻቢቴ፣ ሦስት እርምጃ ርቄ ሰማሁት። አንድ ጊዜ ሞተር ፈትቶ የገጠመ ሰው ያቺን ድምፅ አይስታትም። ብሮንዚና ናት፤ ፒስተኑን የያዘው ክንድ የሚሽከረከርባት ስስ ብረት። እሷ ስትበላ ነው እንደዛ የሚያንኳኳው።

ጋሼን አየሁት። ፊቱ በራ!

«ይቺ ታወራኛለች» አለ። «ይቺ ሆዷን አትደብቅም።»

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ለምን ዘጋህ ትሉኝ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመቴ በሰው ፊት «ጋሼ፣ ቫልቭ አይደለም፣ ሰንሰለት ነው» ብዬ ቫልቭ ሆኖ ተገኘና ሶፋ ሠሪው እስካሁን «ሰንሰለት» እያለ ነው የሚጠራኝ። እሱም አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን፣ ስድስት ዓመት ሲሳሳት ያላየሁት ሰው ከጆሮዬ ጋር ሲጣላብኝ፣ የጠረጠርኩት ጆሮዬን ነው። ደግሞ ባለቤቶቹ ቆመዋል። አንድ ተማሪ መምህሩን በሻጭ ፊት እንዴት ያርማል? ይሉኝታ ያዘኝ። ይሄው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ብርቱካኗን ገዛ።

አሥራ አንድ ቀን ነዳት። ጠዋት ጃኬቱን ለብሶ ሲመጣ ዕድሜው በግማሽ ቀንሶ ነበር። አንድ ቀን እትዬን ከኋላ ጭኗት መጣ፤ እሷ ወገቡን አንቃ ይዛ «እግዚኦ! እግዚኦ!» ትላለች፣ እሱ አይሰማትም። ሳቅንባቸው። በየቀኑ ቶክ ቶኩን እሰማለሁ። «ነገ እነግረዋለሁ» እላለሁ። ነገ ሲመጣ ጃኬቱን አያለሁ፣ እተወዋለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዳገቱ ላይ ቀጥ አለች። እግዜር ይመስገን አልወደቀም። ከአንድ ጫኝ ጋር እየገፋት መጣ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

በነጋታው ከምሳ በኋላ ሆዷን ፈታናት። ብሮንዚናዋን አወጣና ወደ በሩ ብርሃን ያዛት። እንደ ከረሜላ ወረቀት ሳስታለች። እጁ ላይ ሁለቴ ገለበጣት።

«ይሄ ባሥራ አንድ ቀን አይመጣም» አለ። «ይሄ ወራት ያንኳኳ ነው። ስገዛትም ታንኳኳ ነበር።»

ዞረና አየኝ።

«አንተ ሰምተኸው ነበር?»

አልሰማሁም ብዬ ልዋሽ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ግን የሚያየው ዓይኔን እንዳልሆነ ገባኝ። አፌን ነው የሚያየው። ከንፈሬን እየጠበቀ ነው። ያኔ ሁሉም ነገር ባንዴ ራሴ ላይ ወረደ። «ራዲዮ ቀንስ» ካለኝ ዓመት አልፎታል። እኔ እኮ ወሬዬን ወዶልኝ መስሎኝ ነበር! ስልክ ሲጠራ «እጄ ዘይት ነው፣ አንሳልኝ» የሚለው፣ ካቻቢቴውን እየጫነ እየጫነ ከጆሮው ኋላ ጠባሳ ያወጣው። ሁሉም።

«ሰምቼ ነበር ጋሼ» አልኩ፣ በቀስታ።

«እህ?»

«ሰምቼ ነበር።»

«ምን?»

«ሰምቼው ነበር!» ብዬ ጮህኩ። የጎረቤታችን የሶፋ ሠሪው መዶሻ ቆመ።

ጋሼ ባዶ የዘይት ጀሪካን ላይ ቁጭ አለ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ፣ በካቻቢቴው ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያቺ ጥቁሯስ» አለ፣ «ያን ለት ጮኻ ነበር?»

«ጮኻለች ጋሼ።»

«እስከ ላይ?»

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። እሱም ነቀነቀ።

«አሁን አሁን ሞተሮቹን ዝምተኛ አርገው የሚሠሯቸው መስሎኝ እኮ ነው» አለ። ከዛ «ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ።

«አንተ ነህ እኮ ጆሮ!»

«እኔ ስሳሳት የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ ያለ መስሎኝ ነበር» አለ። ሌላ አልጨመረም። ብሮንዚናዋን ኪሱ ከተተና ወጣ።

ለእትዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። «እኔ ካወቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው» አለች። «ግን ሃያ አምስት ዓመት አብሮ የኖረ ባል ሚስቱን አይሰማም፣ ያለ ነው፣ በሽታ አይደለም ብዬ ተውኩት።» ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ ቀደማት።

የጆሮ ሐኪም ጋ ሦስታችን ሄድን። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ወረቀት ላይ የወረደ መስመር አሳየችን። ቀጭን ድምፅ ከጠፋው ቆይቷል፣ ወፍራሙ ትንሽ ቀርቶታል፣ የሄደው አይመለስም አለች። ሃያ ስድስት ዓመት ማርሚታ ሥር ጆሮ ሳይደፍኑ መሥራት ነው ያመጣው። ገባችሁ? የጥቁሯ ለቅሶ ቀጭን ስለሆነ ለሱ አልነበረም። የብርቱካኗ ማንኳኳት ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ደረሰው፤ ሹል ጫፉ ስለቀረበት ግን የጤነኛ ሞተር ምት መሰለው። ከሁለቱ ሞተሮች ጎልቶ የተሰማው የብርቱካኗ በሽታ ብቻ ነበር፤ «ታወራኛለች» ያለውም ለሱ ነው።

የጆሮ መሣሪያ ሰጡት፤ «ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በረዶ የሚዘንብብኝ ነው የሚመስለኝ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ዘጋበት። ብርቱካኗ ጥግ ላይ ተሸፍናለች፣ እንግጠማት ስለው አይመልስልኝም። እሱ አሁን ጎማና ፍሬን ይሠራል፣ በእጅና በዓይን የሚያልቀውን። ሞተር ሲመጣ አገጩን ወደኔ ያነሳል። ረጅሙን ካቻቢቴ የቀለም ቆርቆሮ ሲከፍትበት አየሁት። ምንም አልነካኝም ለማለት ያህል ነው መሰለኝ፤ ግን እኔ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

የጥርስ ሐኪሙ ጥቁሯን መሸጡን ትቶታል። ጠዋት ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ሲሄድ በደጃችን ያልፋል። ባለፈው ማክሰኞ ገና ከመታጠፊያው ሰማኋት፣ እየወጣች፣ ያቺኑ ለቅሶዋን ይዛ። የመንገዱ ሰው ሁሉ ዞረ። ሶፋ ሠሪው ዞረ። ጋሼ ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማ ያጠብቃል። አልዞረም።

ሮጬ ትከሻውን ያዝኩት። ቀና አለ፣ ወደ ጠቆምኩት አየ። መንገዱ ላይ የቀረው ጭሱ ብቻ ነው።

«እሷ ናት?» አለኝ።

«እሷ ናት።»

«ሄደች?»

«ሄደች ጋሼ።»

መንገዱን ትንሽ አየው፣ ከዛ ወደ ጎማው ተመለሰ።

እኔ እንግዲህ ተነፈስኩ። አልቀለለኝም ግን። እናንተስ፣ የምታከብሩት ሰው ዓይናችሁ እያየ ሲሳሳት አፋችሁን ዘግታችሁ ታውቃላችሁ? በኋላስ ምን አላችሁት፣ እሱስ ምን አላችሁ? ከሥር ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።